በክረምት ከጅማ ወደ ባሌ ተራሮች በመኪና

ክረምት ላይ ከጅማ ወደ ባሌ በመኪና ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ጎብኚ ስለሚቀንስ በአልጋ ዋጋ መደራደር ይቻላል። ሥራ ያለው መንገዱ ላይ ነው። የጊቤን ቁልቁለት ስትወርዱ ማርሽ ቀንሱ። ፍሬን ብቻ እየረገጣችሁ ከወረዳችሁ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ይመጣል። እኔ አንዴ ሸቶኝ ግማሽ ሰዓት መንገድ ዳር ቆሜ አቀዝቅዣለሁ፤ ዝንጀሮዎቹ እያዩኝ።

የባሌ ተራሮች ከፍተኛ አምባ ሳነቴ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ጅማ ግን 1700 ገደማ። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ አትውጡ፤ ከሥሩ ባለችው ጎባ ከተማ አንድ ሌሊት እደሩ። የነዳጅ ሰልባትዮውንም እዚያው ሙሉ። ጋቢ ያዙ፣ የኛ የጅማ ብርድ እዚያ ቀልድ ነው። ጠዋት ጉም ከወረደ ደግሞ ቡና አስፈልታችሁ እስኪገለጥ ጠብቁ።