መከራ ያለበትን መጽሐፍ ለልጅ እንዴት እንስጥ?

መጀመሪያ ራስዎ ያንብቡት፤ እስከ መጨረሻው ገጽ። እኔ አንዴ ሽፋኑ ላይ ያለው ቡችላ ደስ ብሎኝ ለእህቴ ልጅ አንድ መጽሐፍ ገዛሁ። ለካ ቡችላው ምዕራፍ አራት ላይ ይሞታል። ልጅቷ አለቀሰች፤ እኔ የምለው ጠፋኝ።

ሲያነቡ ከመከራው ይልቅ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ይዩ። ሁሉ ነገር በሁለት ገጽ ተስተካክሎ የሚያልቅ ከሆነ ይተዉት፤ ልጅ ውሸት ያሸታል። ባለታሪኩ የሚጠጋው ሰው አለው? ክፉ ጊዜ አልፎባቸው በእግራቸው የቆሙ ልጆችን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚያገኙት ይህንኑ ነው፦ ቢያንስ አንድ የማይለያቸው አዋቂ። መናደድስ ይፈቀድለታል? አሜሪካዊቷ ደራሲ ካትሪን ፓተርሰን በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን «ብሪጅ ቱ ተራቢቲያ» የተባለ የልጆች ልብ ወለድ የጻፈችው የልጇ ጓደኛ በመብረቅ ከሞተች በኋላ ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለው ልጅ፣ የሞተችው ጓደኛው የሰጠችውን ቀለም ወስዶ ወንዝ ውስጥ ይወረውረዋል። የልጅ ሐዘን ብዙ ጊዜ ንዴት መስሎ ነው የሚወጣው።

ቀጥሎ ታሪኩ ለልጁ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያስቡበት። የልጆች ሥነ ጽሑፍ ምሁሯ ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 እ.ኤ.አ. መጽሐፍን በመስኮትና በመስተዋት መስለውታል፦ የሌላውን ሕይወት ያሳያል፣ የራስንም መልሶ ያሳያል። ቁስሉ ገና ትኩስ ለሆነ ልጅ መስተዋቱን ፊቱ ላይ አይደቅኑበት። እንስሳት የሚናገሩበት ወይም በሌላ ዘመን የሆነ ታሪክ ይቀለዋል።

አሰጣጡ ብዙም አይከብድም። «ይሄ ይጠቅምሃል» ብለው እንደ መድኃኒት አያቅርቡት። ከሌሎች ሁለት ሦስት መጻሕፍት ጋር ያስቀምጡለትና ይምረጥ። ንባቡ በቀን ይሁን፤ ሊተኛ ሲል አይደለም።

አብራችሁ ስታነቡ «አንተስ እንዲህ ተሰምቶህ ያውቃል?» ብሎ ማፋጠጥ አፉን ያስይዘዋል። «ይሄ ልጅ አሁን ምን ቢያደርግ ይሻለዋል?» ይበሉት። ስለ ባለታሪኩ እያወራ ስለ ራሱ ያወራል። ዝም ካለ እርስዎም ዝም ይበሉ። አንዱን ገጽ አሥር ጊዜ ቢመላለስበት አይከልክሉት። መጽሐፉን ከድኖ ቢነሳም አይጎትቱት።

ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከሰው መሸሽ ለሳምንታት ከቀጠለ ግን መጽሐፉን ወደ ጎን ያድርጉትና የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ።