ቱቦው ለምን ደረቀ? የህክምና ፕላስቲክ ችግርና መፍትሄ

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉ ፋርማሲዎች በር ላይ አንድ ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ። «ፕላስቲኩ ፎርጅድ ነው!» ቱቦው ደረቀ፣ ጓንቱ ተጣበቀ፣ ሲሪንጁ ተሰነጠቀ። አንዳንዴ እውነትም ፎርጅድ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ፕላስቲኩ ውስጥ ካለው ቅመም ላይ ነው።

ቅመም የምለው ፖሊመሩ ላይ፣ ማለትም የፕላስቲኩ ዋና ቁስ ላይ፣ የሚጨመረውን ነው፤ ፋብሪካዎች አዲቲቭ ይሉታል። ፖሊመር ብቻውን ለህክምና እምብዛም አይሆንም። አንዱ ቅመም ያለሰልሰዋል፣ ሌላው ከፀሐይ ይጠብቀዋል፣ ሌላው ራጅ ላይ እንዲታይ ያደርገዋል። ቅመሙ ሲያልቅ ወይም ከቦታው ሲወጣ እቃው ራሱ ምልክት ይሰጣል።

«ቱቦው ደርቋል፣ ቢጫም ሆኗል»

ይህን ያስተማረኝ የእናቴ የኦክስጅን ቱቦ ነው። ቤታችን አራት ኪሎ ነው። ቱቦውን በየጊዜው በአልኮል እወለውልና በረንዳ ላይ አሰጣው ነበር። በጣም ንጹህ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር። ጥር ሳያልቅ እንደ ሽቦ ደረቀ፤ ጫፉም አፍንጫዋን አቆሰላት።

ቱቦው ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሰራ ነው። ፒቪሲ በባህሪው ደረቅ ነው፤ የውሃ ቧንቧ የሚሰራውም ከእሱ ነው። ለስላሳ የሚያደርገው ፕላስቲሳይዘር የሚባል ማለስለሻ ነው። ከእቃው ክብደት 30 እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከፒቪሲው ጋር ግን በኬሚካል አልተሳሰረም፤ መሃል መሃሉ ገብቶ ነው የተቀመጠው። ወጥ ሲቆይ ዘይቱ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ ማለስለሻውም ቀስ እያለ ይወጣል። ሙቀት ያፋጥነዋል። አልኮል ደግሞ እያሟሟ ጠርጎ ያወጣዋል። ቢጫው ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ፒቪሲውን ራሱን ማፍረስ ሲጀምሩ የሚመጣ ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። እዚህ ያለው ፀሐይ ለፕላስቲክ ቀላል አይደለም።

የደረቀ ቱቦ አይመለስም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢነከር ለጊዜው ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ያው ነው። ቀይሩት። አዲሱን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት። በየስንት ጊዜው እንደሚቀየር ከባለሙያው ጠይቁ።

«ቱቦው ምንም አልሆነም፣ ነርሷ ግን ሌላ ግዙ አለች»

አስታማሚ በጣም የሚበሳጭበት ነገር ይሄ ነው። የጉሉኮስ ቱቦ ተገዝቶ መጥቷል፣ ታሽጓል፣ አዲስ ነው። ነርሷ ግን «ፒቪሲ ያልሆነ አምጡ» ትላለች። እባካችሁ ስሟት። ምክንያት አላት።

በፒቪሲ ቱቦዎች ውስጥ ለብዙ ዘመን የተለመደው ማለስለሻ ዲኢኤችፒ ይባላል። ዲኢኤችፒ ቅባት ይወዳል። ለካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክሰል በተለመደው አዘገጃጀቱ ከጉሎ ዘይት በሚሰራ ማሟሚያ ውስጥ ነው የሚመጣው። ያ ማሟሚያ በቱቦው ሲያልፍ ማለስለሻውን ይዞ ወደ ታማሚው ደም ሥር ይገባል። በደም ሥር የሚሰጥ የቅባት ምግብም እንዲሁ ያደርጋል። በዓይን የሚታይ ምልክት ላይኖር ይችላል፤ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው።

ዲኢኤችፒ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች የወንድ የመራቢያ አካል እድገትን ጎድቷል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ በተለይ ለወንድ ጨቅላ ሕፃናት ሌላ አማራጭ እንዲታሰብ መክሯል። መፍትሄውም አለ። ውስጡ በፖሊኤቲሊን የተሸፈነ ቱቦ አለ፤ እንደ ቶትም እና ዲንች ባሉ ሌሎች ማለስለሻዎች የተሰራ ፒቪሲም አለ። ለፓክሊታክሰል ግን አስተማማኙ መድኃኒቱን ጨርሶ ፒቪሲ እንዳይነካው ማድረግ ነው። ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ከዲኢኤችፒ ነፃ መሆኑን ወይም ፒቪሲ እንደሌለው የሚገልጸውን ጽሑፍ ፈልጉ። ካላገኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የቱቦውን ፎቶ ለነርሷ ላኩላት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ይኸው ዲኢኤችፒ በደም ከረጢት ውስጥ የቀይ ደም ሴልን ሽፋን ከመፍረስ ይጠብቃል። ከደም ከረጢት ለማውጣት አስቸጋሪ የሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ «መርዝ ነው» ብሎ በጅምላ መኮነን ልክ አይመስለኝም።

«ሲሪንጁ ገና ሳይከፈት ተሰነጠቀ»

የሲሪንጅ ገላ በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። በጋማ ጨረር ሲጸዳ የተለመደው መጠን 25 ኪሎግሬይ (የጨረር መለኪያ) ነው። ጨረሩ ጀርሙን ብቻ አይደለም የሚመታው፤ የፖሊመሩንም ሰንሰለት ይቆርጣል። የከፋው ደግሞ መሰባበሩ በዚያው ቀን አያቆምም። መጋዘን ውስጥ ለወራት ይቀጥላል።

ተጠቃሚው ማድረግ የሚችለው ትንሽ ነው። ቀኑን ማየት፣ ካርቶኑን ከሙቀት ማራቅ፣ የተሰነጠቀውን መጣል። ዋናው ሥራ የአምራቹ ነው። ጨረር የሚችል ፖሊፕሮፒሊን መምረጥና ሃልስ የሚባለውን ማረጋጊያ መጨመር አለበት። ፊኖል ያለባቸው የተለመዱት አንቲኦክሲዳንቶች (ከኦክስጅን ጉዳት የሚከላከሉ ቅመሞች) በጨረር ቢጫ ስለሚያደርጉት እዚህ ላይ አይመረጡም። አምስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ናሙና እየሰራችሁ ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ በጨረር ማግስት ለክታችሁ «ጠንካራ ነው» እንዳትሉ። አቆይታችሁ፣ እንዲያረጅ አድርጋችሁ ድጋሚ ለኩት።

«ጓንቱ ተጣበቀ፣ ሲለበስ ይቀደዳል»

ላቴክስ፣ ማለትም የተፈጥሮ ጎማ ነው። ሙቀት፣ ፀሐይና ኦዞን (ከኤሌክትሪክ ሞተር የሚወጣ ጋዝ) መከላከያ ቅመሙን ጨርሰውበታል። ካርቶኑን ከመስኮትና ከኤሌክትሪክ ሞተር አርቁ። በቫዝሊን በተቀባ እጅም አትልበሱት፤ ቅባት ላቴክስን ያዳክመዋል።

«መስታወት የሚመስለው መገጣጠሚያ ስንጥቅጥቅ አለ»

ይህ ፖሊካርቦኔት ነው። ተወጥሮ እያለ አልኮል ወይም ቅባት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ቅመም ብዙ አያድንም። እቃውን ራሱን መቀየር ይሻላል። እስከዚያው ከልክ በላይ አታጥብቁት፤ በአልኮል ካጸዳችሁት ደግሞ ደርቆ ይገጠም።

«ከአውቶክሌቭ ተጣሞ ወጣ»

አውቶክሌቭ በግፊት በሞቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን ነው። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው በ160 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የማሽኑን 121 ዲግሪ ይችላል። ኤልዲፒኢ የሚባለው ለስላሳ ፖሊኤቲሊን 110 አካባቢ ይቀልጣል። ለስላሳ ፒቪሲም ቅርፁን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እቃው አውቶክሌቭ የሚገባ መሆኑን አረጋግጡ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ የተሰራውን ጨርሶ አታስገቡ።

በግፊት ብቻ የሚሰራ አሮጌ ማሽን ያላችሁ ክሊኒኮች ግን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፤ እቃው ሳይጣመም መውጣቱ። በባህር ጠለል ላይ ጌጁ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲያሳይ 121 ዲግሪ ተደርሷል ማለት ነው። እዚህ ከተማ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ በ15 የሚገኘው 117 ዲግሪ ገደማ ነው። ፕላስቲኩ ደህና ወጣ ብላችሁ ስትደሰቱ ጀርሙም ደህና ወጥቶ ሊሆን ይችላል። 121 ለመድረስ ጌጁ 19 አካባቢ መድረስ አለበት። ማሽኑ ያን ያህል ግፊት መቻሉን ቴክኒሺያኑ አስቀድሞ ይይላችሁ፤ ከዚያ በኋላም ሰዓት መቁጠር የምትጀምሩት ቴርሞሜትሩ 121 ሲል ነው።