ክራሽ አድርጎ ሪስታርት ማድረጉን አላቆም ያለ ኮምፒውተር እንዴት ይስተካከላል?

ሥራ ላይ እያላችሁ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ (በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ቨርዥኖች ጥቁር) ይሆናል። አንድ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ የዊንዶውስ ሎጎ ይመጣል፣ ነጥቦቹ ይሽከረከራሉ፣ ከዚያ እንደገና ይጠፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ «በቃ ፎርማት ይደረግ» ይላል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ያለ ፎርማት ይስተካከላል፤ ፋይሎቻችሁም ሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳሉ ናቸው።

ዊንዶውስ ሊወጣው የማይችለው ስህተት ሲገጥመው ዳታ እንዳይበላሽ ሁሉንም ነገር ያቆማል። ካቆመ በኋላ በራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ ሆኖ ነው የተዘጋጀው። ስህተቱ ገና ሲነሳ የሚደገም ከሆነ ግን መነሳትና መውደቁ ማለቂያ የለውም። የስህተቱ መልእክትም ሳይነበብ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥገና ውስጥ አትግቡ። ሪስታርቱን አስቁሙና መልእክቱን አንብቡ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ስክሪኑ ላይ አፕዴት እየተጫነ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ካለና ፐርሰንቱ የሚጨምር ከሆነ አትንኩት። አፕዴት ሲጫን ደጋግሞ ሪስታርት ማድረግ ያለ ነገር ነው። መሀል ላይ ማጥፋት ያልነበረ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

በቀላሉ እንጀምር። ከኪቦርድና ከማውዝ በስተቀር የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፤ ፍላሽ፣ ፕሪንተር፣ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ሁሉንም። ኮምፒውተሩን አጥፉና የኤሌክትሪክ ገመዱን ወይም ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። የፓወር ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። መልሳችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። አንዳንዴ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ካልሆነ የት ላይ እንደሚወድቅ በደንብ ተመልከቱ። የዊንዶውስ ሎጎ ከመምጣቱ በፊት የሚጠፋ ከሆነ ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪው)፣ ፓወር ሰፕላይ ወይም ማዘርቦርድ (ዋናው ሰርኪት) ይጠረጠራል። ነጥቦቹ ሲሽከረከሩ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከሃርድዌር ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር)፣ አፕዴት ወይም ዲስክ ነው። ፓስወርድ አስገብታችሁ ከገባችሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም ወይም ሙቀት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መጠገኛው ገጽ እንግባ። ኮምፒውተሩን ክፈቱ፤ ሎጎው ሲመጣ ፓወሩን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ አጥፉት። ይህንን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስትደግሙት ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 መነሳት እንዳቃተው ይረዳና የጥገና ገጹን ያመጣል። እዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»ን፣ «ትራብልሹት»ን፣ እንደገና «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»ን፣ በመጨረሻም «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»ን ምረጡና «ሪስታርት» በሉት። ቁጥር ያላቸው ምርጫዎች ይመጣሉ። 9ን ተጫኑ። እሱ ከክራሽ በኋላ በራሱ ሪስታርት ማድረጉን የሚያስቆመው ነው።

አሁን ሲወድቅ የስህተቱ ስክሪን ባለበት ይቆማል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከታች ያለው ስም ብዙ ይናገራል። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው። «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ካለ ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ማግኘት አቅቶታል፤ ዲስኩ ተበላሽቶ፣ ገመዱ ላልቶ ወይም ባዮስ ላይ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ነው) የዲስኩ ሴቲንግ ተቀይሮ ይሆናል። የፋይል ስም ተጠቅሶ ካያችሁ ደግሞ እሱን ያዙ። የትኛው ድራይቨር እንደሆነ ይጠቁማችኋል።

ቀጥሎ በዚያው መንገድ ተመለሱና 4ን ተጫኑ። ሴፍ ሞድ ነው፤ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ብቻ ይዞ ይነሳል። በሴፍ ሞድ በሰላም ከሠራ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በኋላ የተጨመረ ነገር ነው። በቅርብ የጫናችሁትን ፕሮግራም አጥፉ። ድራይቨር ከሆነ «ዲቫይስ ማናጀር» ገብታችሁ ወደ ቀድሞው መልሱት። በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ቀን 2024 የሆነውን አስታውሱ። ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ ወደ 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ላይ ችግር ፈጠረ። ብዙዎቹ የዳኑት ሴፍ ሞድ ተገብቶ አንድ ፋይል ተፈልጎ ሲጠፋ ነው። ፎርማት አላስፈለገም።

ሴፍ ሞድም እምቢ ካለ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ስታርትአፕ ሪፔር»ን ሞክሩ። ችግሩ ከአፕዴት በኋላ የመጣ ከሆነ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ይሻላል። «ሲስተም ሪስቶር» ደግሞ ቀድሞ የተቀመጠ ነጥብ ካለ ሲስተሙን ወደዚያ ቀን ይመልሳል፤ የግል ፋይሎችን አይነካም። በመሀል ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ከተጠየቃችሁ አትደንግጡ፤ ዲስኩ በቢትሎከር ስለተቆለፈ ነው። ቁልፉን ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ከስልክ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ፈልጉት። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ።

ከዚህ በላይ ከመሄዳችሁ በፊት ፋይላችሁን አውጡ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ዊንዶውስ ሳይነሳም ኮፒ ማድረግ ይቻላል። ኤክስተርናል ዲስክ ሰኩ። ከጥገናው ገጽ «ኮማንድ ፕሮምፕት»ን ክፈቱና ኖትፓድ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል (notepad) ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ኖትፓድ ሲከፈት «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕን» በሉ። ከታች ያለውን «ኦል ፋይልስ» ላይ አድርጉት፤ ካልሆነ ፎቶዎቻችሁ አይታዩም። በዚያች ትንሽ መስኮት ፎልደሩን ፈልጋችሁ በቀኝ ክሊክ ኮፒ፣ ኤክስተርናሉ ላይ ፔስት። እየተገለበጠ መሆኑን ላያሳያችሁ ስለሚችል ታገሱ። ሲ ድራይቭ እዚህ ዲ ተብሎ ቢመጣም አይግረማችሁ።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» አለ። «ኪፕ ማይ ፋይልስ»ን ከመረጣችሁ የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ይጠፋሉ እንጂ የግል ፋይሎች ይቀራሉ። ይህም ካልሠራ በሌላ ኮምፒውተር ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ አዘጋጅታችሁ ከሱ አስነሱት።

ከፍላሹም ሲነሳ ክራሽ የሚያደርግ ከሆነ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ አይደለም፤ ወደ ሃርድዌር ሂዱ። ራሙ ሁለት ከሆነ አንዱን አውጥታችሁ በአንዱ ብቻ ሞክሩ፤ ከዚያ አቀያይሩ። ፋኑ መዞሩንና በአቧራ አለመታፈኑን እዩ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉት፤ ደጋግሞ ማስነሳት ያለውን ዳታ ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ ለባለሙያ ስጡት፤ ገና ስትሰጡትም ዳታው እንደሚያስፈልጋችሁ ንገሩት።