ክሪፕቶ ከመላክዎ በፊት፦ ስለ ቁልፍ፣ ኔትወርክ፣ ክፍያና ፊርማ

ዋሌት ውስጥ ገንዘብ የለም። ቢትኮይኑም ሆነ ኢቴሩ የሚመዘገበው ብሎክቼይኑ (ሁሉም የሚያየው የጋራ መዝገብ) ላይ ነው፤ ዋሌት የምንለው መተግበሪያ የያዘው ገንዘቡን ለመላክ የሚፈረምበትን ምስጢራዊ ቁልፍ ብቻ ነው። ስልኩ ቢሰበር፣ መተግበሪያው ቢሰረዝ፣ የሠራው ኩባንያ ቢዘጋ እንኳ ገንዘቡ ካለበት አይነቃነቅም። ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ከገባ ግን ስልኩ ኪስዎ ውስጥ እያለ ገንዘቡ ይሄዳል። «ዋሌቴ ባዶ ሆነ»፣ «የላክሁት አልደረሰም»፣ «ኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት) ላይ ልተወው ወይስ ላውጣው?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለና በምን ላይ እንደተፈረመ ሲታወቅ ነው።

12ቱ ቃላት

ዋሌት ሲከፍቱ የሚሰጥዎና ቁልፉ የሚወጣባቸው፣ ሲድ ፍሬዝ የሚባሉት 12 ወይም 24 ቃላት 2048 ቃላት ካሉት ቋሚ ዝርዝር የሚወጡ ናቸው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያ 4 ፊደላቸው አንድ የሆነ ሁለት ቃላት አይገኙም፤ ስለዚህ ጽሑፍዎ ባያምርም 4ቱ ፊደላት ከተነበቡ ቃሉ ይታወቃል። ቅደም ተከተሉ ግን የቁልፉ አካል ነው። ቁጥር ሳይሰጡ በሁለት ዓምድ የጻፈ ሰው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ሲያወጣ ወደ ታች ይነበብ ወይስ ወደ ጎን ግራ ይገባዋል።

በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከ1 ጀምሮ ቁጥር ይስጡ። ስክሪንሾት አያንሱ፤ በብዙ ስልኮች ላይ ፎቶ በራሱ ወደ ክላውድ ይወጣል። ከዚያ ትንሽ ገንዘብ ብቻ ያስገቡና ዋሌቱን ከስልኩ አጥፍተው፣ ከወረቀቱ እያነበቡ መልሰው ይክፈቱት። ይህን ፈተና ሰው ይሰለቸዋል። የዘለለው ሰው ታዲያ ወረቀቱ ላይ ስህተት እንዳለ የሚያውቀው ስልኩ ከጠፋ በኋላ ነው።

የ12 ቃል ሲድ 128 ቢት የዘፈቀደ ቁጥርና 4 ቢት ማረጋገጫ ይይዛል። በዚህ ምክንያት አንድ ቃል በሌላ ቢተካ ዋሌቱ በአማካይ ከ16 ጊዜ 15ቱን «ልክ አይደለም» ብሎ ይመልስዎታል፤ በቀረችው አንዷ ግን ምንም ሳይል ሌላ ባዶ ዋሌት ይከፍታል። ስለዚህ ከመለሱ በኋላ ዜሮ ካዩ ከሌባ በፊት የሚጠረጠሩ ነገሮች አሉ። አንደኛው የተሳሳተ ቃል ነው። ሁለተኛው ብዙዎች 25ኛ ቃል የሚሉት ፓስፍሬዝ ነው፤ እሱ ማረጋገጫ የለውም፤ አንድ ፊደል ቢሳሳት ወይም ትልቁ ፊደል ትንሽ ቢሆን የተለየ ዋሌት ይከፈታል፤ የስህተት መልእክትም አይመጣም። ሦስተኛው ከአንድ መተግበሪያ ወደ ሌላ ሲዞሩ የሚያጋጥም ነው፦ ሁለቱ መተግበሪያዎች ከአንድ ሲድ አድራሻ የሚያወጡበት መንገድ፣ ዴሪቬሽን ፓዝ የሚባለው፣ ሊለያይ ይችላል። ሲዱን በነበረበት መተግበሪያ መልሶ መክፈት ወይም በቅንብሩ ውስጥ ፓዙን መቀየር ይፈታዋል።

ቃላቱን ከፋፍሎ በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ብልህነት ይመስላል፤ አይደለም። ከ12ቱ 8ቱን ያገኘ ሰው ለቀሩት 4 ቃላት የሚጠብቀው ሙከራ ማረጋገጫውን የማያልፈው ሲጣል 1.1 ትሪሊዮን ገደማ ነው፤ ይህ ደግሞ ለጠንካራ ኮምፒውተሮች የማይደረስ ቁጥር አይደለም። ሙሉውን ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

ትክክለኛ አድራሻ፣ የተሳሳተ ኔትወርክ

ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) አንድ ሳንቲም ይመስላል እንጂ በኢቴሪየም፣ በትሮን፣ በቢኤንቢ ቼይንና በሌሎችም ሰንሰለቶች ላይ የተለያየ ምዝገባ አለው። የትሮን አድራሻ በላቲኑ ቲ ፊደል ስለሚጀምር ከኢቴሪየሙ ጋር መደባለቅ ይከብዳል፤ ዋሌቱም ራሱ አልቀበልም ይላል። አደገኛው የኢቴሪየምና የቢኤንቢ ቼይን ጉዳይ ነው፤ የሁለቱም አድራሻ በዜሮና በኤክስ ይጀምራል፣ ርዝመቱም አንድ ነው፣ ስለዚህ የሚያስቆምዎ የለም። በተሳሳተው ኔትወርክ የላኩት ወደ ራስዎ ዋሌት ከሆነ ቁልፉ ለሁለቱም ስለሚሠራ ዋሌቱ ላይ ያንን ኔትወርክ ጨምረው ገንዘቡን ያገኙታል። የላኩት ወደ ኤክስቼንጅ አድራሻ ከሆነ ግን ቁልፉ የእነሱ ነው፤ የሚመለሰው እነሱ ከፈለጉና አሠራራቸው ከፈቀደ ብቻ ነው።

አላላኩ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦

1. ተቀባዩ የትኛውን ሳንቲም በየትኛው ኔትወርክ እንደሚቀበል መጀመሪያ ይጠይቁ፤ አድራሻው ከዚያ ይከተላል።
2. ኤክስአርፒ፣ ስቴላር ወይም ቶን ወደ ኤክስቼንጅ ሲልኩ ሜሞ ወይም ታግ (ደንበኛውን የሚለይ ቁጥር) መጠየቁን ይመልከቱ። እዚያ አድራሻው የብዙ ደንበኞች የጋራ ነው፤ ሜሞው ከቀረ ገንዘቡ ኤክስቼንጁ ጋ ይደርሳል፣ በእርስዎ ስም ግን አይገባም።
3. ለክፍያ የሚሆን የዚያው ሰንሰለት ሳንቲም መኖሩን ያረጋግጡ፦ ለኢቴሪየም ኢቴር፣ ለትሮን ቲአርኤክስ፣ ለቢኤንቢ ቼይን ቢኤንቢ። ዩኤስዲቲ ሞልቶ ቲአርኤክስ ከሌለ ብዙውን ጊዜ መላክ አይቻልም።
4. አድራሻውን ኮፒ ካደረጉ በኋላ መሃሉንም ያንብቡ፤ መጀመሪያና መጨረሻውን ብቻ ማየት አይበቃም።
5. ትንሽ ይላኩ፤ ተቀባዩ መድረሱን ሲያረጋግጥ ቀሪውን ወደዚያው ይላኩ።

አራተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ። አጭበርባሪዎች እርስዎ ደጋግመው የሚልኩበትን አድራሻ አይተው፣ መጀመሪያና መጨረሻው ከእሱ ጋር የሚመሳሰል የራሳቸውን አድራሻ ያመነጫሉ። ከዚያ ኢምንት ገንዘብ ይልኩልዎታል ወይም ዜሮ የሆነ ዝውውር በታሪክዎ ውስጥ እንዲታይ ያደርጋሉ። የሚጠብቁት በሚቀጥለው ጊዜ አድራሻውን ከታሪክ ዝርዝሩ ላይ ኮፒ እንዲያደርጉላቸው ነው። ዋሌቱ አልተጠለፈም፤ ፊርማውም የእርስዎ ነው። አድራሻን ከታሪክ ዝርዝር አለመውሰድ፣ ደጋግመው የሚልኩበትን በዋሌቱ የአድራሻ መዝገብ ላይ ማስቀመጥ መድኃኒቱ ነው።

ሦስተኛው ነጥብም የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ የማያውቁት ሰው «ዩኤስዲቲ አለኝ፣ ማውጣት አልቻልኩም፣ እርዱኝ» ብሎ 12ቱን ቃላት ጽፎ ይለጥፋል። ከፍተው ሲያዩ ገንዘቡ እውነት አለ፤ የጎደለው ለክፍያ የሚሆን ቲአርኤክስ ብቻ ይመስላል። ቲአርኤክሱን ሲያስገቡ አንድ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ወዲያው ይወስደዋል። አንዳንዴም የአካውንቱ የመፈረም ፈቃድ ቀድሞ ወደ ሌላ ቁልፍ ስለተዛወረ በያዟቸው ቃላት ምንም ማውጣት አይቻልም። ሲዱን በአደባባይ የሚሰጥ ሰው የሚያጠምደው የእርስዎን ቲአርኤክስ ነው።

ክፍያው ለምን ተለያየ?

የቢትኮይን ክፍያ የሚሰላው በግብይቱ የመረጃ ስፋት ነው፤ የሚላከው ገንዘብ ትልቅ ወይም ትንሽ መሆኑ አይቆጠርም። አንድ መነሻና ሁለት መድረሻ ያለው ግብይት በዘመናዊዎቹ የሴግዊት አድራሻዎች 141 ቨርቹዋል ባይት ገደማ ነው፤ በባይት 10 ሳቶሺ ቢከፈል 1,410 ሳቶሺ ይሆናል። አንድ ቢትኮይን 100 ሚሊዮን ሳቶሺ ነው። ገንዘቡ በ20 ትናንሽ ገቢዎች የተጠራቀመ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ገቢ አንድ መነሻ ሆኖ 68 ባይት ያህል ስለሚጨምር ግብይቱ ከ1,400 ባይት ያልፋል፤ ያው ገንዘብ ለመላክ አሥር እጥፍ ይከፈላል። ትናንሾቹን ክፍያ በረከሰ ጊዜ ወደ ራስ አድራሻ ልኮ አንድ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግን ሁሉም የአንድ ሰው መሆናቸውን ለሚያይ ሁሉ ይገልጣል።

ክፍያው አንሶ የቆመ የቢትኮይን ግብይት ጠፋ ማለት አይደለም። ዋሌትዎ ከፈቀደ በከፍተኛ ክፍያ ይተኩት። ካልፈቀደም፣ ሌላ ሳያደርጉ ቢጠብቁ፣ በተለመደው ቅንብር ኖዶች (ኔትወርኩን የሚያንቀሳቅሱት ኮምፒውተሮች) ካልተረጋገጠ ከ14 ቀን በኋላ ይጥሉታል፤ ገንዘቡም እንዳልተላከ ይቆጠራል።

ኢቴሪየም ላይ ተራ የኢቴር ዝውውር 21,000 ጋዝ (የስሌት ሥራ መለኪያ) ይፈጃል። የጋዙ ዋጋ 5 ግዌይ (የኢቴር ቢሊዮንኛ) ሲሆን ሒሳቡ 0.000105 ኢቴር ይመጣል። ከኮንትራት (ብሎክቼይኑ ላይ ከሚሠራ ፕሮግራም) ጋር የሚደረግ ግብይት ብዙ እጥፍ ሊፈጅ ይችላል፤ ሳይሳካ ቢቀርም ስሌቱ ስለተሠራ የተቃጠለው ጋዝ አይመለስም። ግብይቶቹ በተራ ቁጥር የሚሄዱ ስለሆነ አንዱ ከቆመ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። መፍቻው በዚያው ተራ ቁጥር፣ ከፍ ባለ ክፍያ፣ 0 ኢቴር ወደ ራስ መላክ ነው፤ ብዙ ዋሌቶች «ሰርዝ» በሚለው ቁልፍ የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

መፈረም ማለት መፍቀድ ነው

በኢቴሪየም መሰል ሰንሰለቶች ላይ አንድ ድረ ገጽ ቶክንዎን (እንደ ዩኤስዲቲ ያለውን) እንዲያንቀሳቅስ «አፕሩቭ» ሲሉ የሚፈቅዱት መጠን ብዙ ጊዜ ገደብ የለሽ ሆኖ ይቀርባል። በዚያ ቀን 50 ዩኤስዲቲ ቢጠቀሙም ፈቃዱ ለነገው ገቢም ይሠራል። ዋሌቱን ከድረ ገጹ ማላቀቅ ፈቃዱን አይሰርዝም፤ ለብቻው ክፍያ ከፍለው ሪቮክ ማድረግ አለብዎ። ጋዝ የማይጠይቅ ፊርማም «ነጻ ስለሆነ አይጎዳም» አይባልም፤ ፐርሚት የሚባለው ዓይነት ያለ ጋዝ ተፈርሞ ያንኑ ፈቃድ ይሰጣል።

ሃርድዌር ዋሌት፣ ቁልፉን የሚይዘው ትንሽ መሣሪያ፣ ቁልፉን ከኮምፒውተር ይለያል፣ ያላነበቡትን ከመፈረም ግን አያድንም። በየካቲት 2025 እንደ ፈረንጆቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ባይቢት በሚባለው ኤክስቼንጅ ላይ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተወሰደው እንዲህ ነው፦ ፈራሚዎቹ ስክሪናቸው ላይ ያዩት የተለመደ ዝውውር ነበር፤ የፈረሙት ሌላ ነው። መሣሪያው የሚያሳየው ለመረዳት የማይቻል የቁጥር ሰንሰለት ብቻ ከሆነ አለመፈረም ነው።

የማያልቁት ክርክሮች

ኤክስቼንጅ ወይስ የራስ ዋሌት? ሁለት ትላልቅ ኤክስቼንጆች፣ ማውንት ጎክስ በ2014፣ ኤፍቲኤክስ በኅዳር 2022 ሲወድቁ ደንበኞች የነበራቸው በስክሪን ላይ ያለ ቁጥር ነበር። የራስ ዋሌት ደጋፊዎች ትክክል ናቸው፤ ግን አንድ ወረቀት በሥርዓት ማኖር ለማይችል ሰው የራሱ ዋሌት ከኤክስቼንጅ የባሰ ነው። ኤክስቼንጆች የሚያሳዩት የመጠባበቂያ ማረጋገጫም ያላቸውን እንጂ ያለባቸውን ዕዳ ሁሉ አያሳይም።

ስቴብልኮይን፣ ዋጋው ከዶላር እኩል እንዲሆን የተሠራ ቶክን፣ እውነት ዶላር ነው? በግንቦት 2022 ቴራ ዩኤስዲ፣ ከኋላው ዶላር ሳይሆን አብሮት የተፈጠረ ሌላ ቶክን ስለነበር፣ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። በመጋቢት 2023 ደግሞ ዩኤስዲሲ ከመጠባበቂያው 3.3 ቢሊዮን ዶላር በወደቀው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ውስጥ በመገኘቱ ከ90 ሳንቲም በታች ወርዶ ተመለሰ። ዩኤስዲሲ የተመለሰው ከጀርባው ሀብት ስለነበረ ነው። ሁለቱ ትላልቆቹ፣ ዩኤስዲቲና ዩኤስዲሲ፣ በአውጪው ውሳኔ አንድን አድራሻ ማገድ እንደሚችሉም ይወቁ፤ ቁልፉ የእርስዎ ቢሆንም።

ስም የለሽ ነው? አይደለም። ቢትኮይን ላይ ስም አይጻፍም እንጂ ዝውውሩ ሁሉ ለዘላለም ክፍት ነው፤ አንዴ መታወቂያ ከሰጡበት ኤክስቼንጅ ያወጡት ገንዘብ ከስምዎ ጋር ይያያዛል። በ2016 ቢትፊኔክስ ከሚባለው ኤክስቼንጅ ከተሰረቀው ከ119,000 በላይ ቢትኮይን የአሜሪካ መንግሥት በ2022 94,000 ያህሉን ሲይዝ መርማሪዎች ቁልፎቹን ያገኙት ክላውድ ላይ ከተቀመጠ ፋይል ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ክርክር ደግሞ «አንድ የቢትኮይን ግብይት ይህን ያህል ይፈጃል» የሚለው ስሌት ያሳስታል። ማይነሮች (ግብይቶችን በብሎክ የሚመዘግቡት) የሚያወጡትን ኃይል የሚወስነው በዋናነት የሚያገኙት ሽልማት ነው፤ የግብይት ብዛት አይደለም። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ሽልማቱ በየብሎኩ 3.125 ቢትኮይን ነው፤ በየ210,000 ብሎክም በግማሽ ይቀንሳል። ኢቴሪየም በመስከረም 15 ቀን 2022 እንደ ፈረንጆቹ ማይኒንግን ሲተው ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ወርዷል። ፍጆታው የሁሉም ክሪፕቶ ባሕርይ አይደለም ማለት ነው፤ የቢትኮይን ግን ነው።

ከሄደ በኋላ

የተረጋገጠ ዝውውርን የሚቀለብስ ሰው የለም። «እናስመልስልዎ» የሚሉት ቅድሚያ ክፍያ ወይም ሲድ ጠያቂዎች ሁለተኛው ሌባ ናቸው። ገንዘቡ የተወሰደው በአፕሩቫል ከሆነ ፈቃዱን ሪቮክ ያድርጉ፤ ሲዱ ራሱ ከወጣ ግን ሪቮክ ምንም አያደርግም፤ በሌላ ንጹሕ መሣሪያ አዲስ ሲድ ከፍተው የቀረውን ወዲያው ያዛውሩ። ገንዘቡ ኤክስቼንጅ ውስጥ መግባቱ በብሎክ ኤክስፕሎረር (ዝውውሮችን የሚያሳይ ድረ ገጽ) ከታየ የግብይቱን ሃሽ (መለያ ቁጥር)፣ አድራሻዎቹንና ሰዓቱን ይዘው በራሱ በኤክስቼንጁ ድረ ገጽ በኩል ያመልክቱ፤ ለፖሊስም የሚሰጡት ይህንኑ ነው። ሰዓታት ወሳኝ ናቸው፤ ገንዘቡ ከዚያ ከወጣ ኤክስቼንጁም የሚያግደው ነገር አይኖረውም።