ኩበር ፒዲን ለመጎብኘት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለሚነሱ

አውስትራሊያ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ወደሚቆፈርባት በረሃማ ከተማ ወደ ኩበር ፒዲ ጎራ ለማለት ካሰቡ፣ ጊዜውን ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያድርጉት። ታኅሣሥና ጥር እዚያ የሙቀቱ አናት ነው፤ ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፣ ለድሬ ሰው እንኳ ይከብዳል። በሰኔና በሐምሌ ሌሊቱ ስለሚበርድ ወፍራም ሹራብ ይያዙ።

ከተማዋ ከአደሌድ ከተማ በስተሰሜን 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የሚነዱ ከሆነ መንገድ ላይ ባለችው ፖርት ኦገስታ ሰርባቶዮውን ይሙሉ፤ ከዚያ ቀጥላ ካለችው ግሌንዳምቦ ወዲያ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ማደያ የለም። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ ይጫኑ። የሚነዳው በግራ ነው። ከመሸ አይንዱ፣ ካንጋሮ ድንገት አስፋልት ላይ ይገባል።

ማደሪያ ከመሬት በታች ይምረጡ፤ ዐለቱ ያለ ማቀዝቀዣ 24 ዲግሪ አካባቢ ይይዛል።

ትልቁ አደጋ ጉድጓድ ነው። 1 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው፣ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር የሚወርዱ የቁፋሮ ጉድጓዶች ሳይደፈኑ ቀርተዋል። ፎቶ ሲያነሱ ወደ ኋላ አይራመዱ፤ የልጅ እጅ አይልቀቁ።

ድንጋይ መልቀም የሚቻለው ለሕዝብ በተፈቀደው ቦታ ብቻ ነው። የውሃ መርጫ ይያዙ፣ ቀለሙ ሲረጥብ ጎልቶ ይታያል። ሲገዙ ከጎን ይመልከቱ፤ ቀጥ ያለ መስመር ከታየ ስስ ኦፓል በሌላ ነገር ላይ የተለጠፈበት ነውና ዋጋው ከሙሉው በጣም ማነስ አለበት። እንዲህ ያለው ውሃ ውስጥ ከቆየ ማጣበቂያው ይለቃል። የወሎ ኦፓል ውሃ ይመጥጣል፣ የኩበር ፒዲው ግን በአብዛኛው አይመጥጥም፤ በወሎው የለመዱትን መለያ እዚህ አይጠቀሙ።