ደሴ ላይ አዛውንት ሲወድቁ፦ ችግሩና መፍትሄው

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ኮብልስቶኑ ያንሸራትታል። አክስቴ ግን የወደቁት መንገድ ላይ አይደለም፤ በገዛ ግቢያቸው ነው።

ምልክት፦ ከወደቁ ሳምንታት አልፈዋል፤ አሁን ግን ይረሳሉ፣ እንቅልፍ ያበዛሉ፣ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ

አክስቴ የዚያን ቀን "ምንም አልሆንኩም" ብለው ቡናቸውን አፈሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጆቻቸውን ስም ማምታታት ጀመሩ። እኛም "እርጅና ነው" አልን። አልነበረም።

መንስኤ፦ ዕድሜ ሲገፋ አንጎል መጠኑ ይቀንሳል። አንጎልን ከሽፋኑ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ደም ስሮችም ይወጠራሉ። ስለዚህ ቀላል ምት ይበጥሳቸዋል። ደሙ ቀስ እያለ ይጠራቀማል። የራስ ቅሉ ውስጥ ባዶ ቦታ ስላለ ምልክቱ ዘግይቶ ይመጣል።

መፍትሄ፦ ሀኪሙን ስታገኙ ስለ መውደቃቸው መጀመሪያ ተናገሩ፤ ቀኑንም ጭምር። ችግሩን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ደሙ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ብዙዎችም ይድናሉ። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነና ጭንቅላታቸውን ከመቱ፣ ደህና ቢመስሉም በዚያው ቀን ይታዩ። ደጋግሞ ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የአንደበት መተሳሰር፣ መንቀጥቀጥ ወይም አልነቃ ማለት ካለማ "ይንጋና እንሄዳለን" አይባልም። በሌሊትም ቢሆን ይዛችኋቸው ሂዱ።

ምልክት፦ ከመኝታ ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል

መንስኤ፦ ሲቆሙ የደም ግፊታቸው ይወርዳል። የግፊት ኪኒን፣ የሚያሸና መድኃኒትና የውሃ ማነስ ያመጡታል።

መፍትሄ፦ ተኝተው ይለኩ። ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሀኪማቸው ንገሩ። ኪኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ። ለሱብሂም ሆነ ለኪዳን ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ያንቀሳቅሱ።

ምልክት፦ ማታ ሽንት ቤት ሲሄዱ ይወድቃሉ

መንስኤ፦ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ መብራት የለም፣ ጋቢው እግር ላይ ይጠመጠማል፣ ነጠላ ጫማው ይንሸራተታል። ዓይናቸው ላይ ሞራም ሊኖር ይችላል።

መፍትሄ፦ ማታ ማታ ፖፖ አልጋቸው አጠገብ ይሁን። ባትሪ ትራስጌ አስቀምጡ። ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ የብረት መደገፊያ አስበይዱ። ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ግዙላቸው። ዓይናቸውንም አሳዩ፤ ሞራ በቀዶ ጥገና ይወጣል።

ከዘራ ላይ አክስቴ አስቸገሩን። "አርጅታለች እንዲሉኝ ነው?" አሉ። አልተጫንናቸውም። ታላቅ ወንድማቸው የራሳቸውን ከዘራ ይዘው መጡና አብረው ገበያ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ከዘራ አይወጡም። እናንተም ስትገዙ ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ይሁን፤ ጎማው ሲያልቅ ቀይሩት።