ሲንክ ሲዘጋ መጀመሪያ ሲፎኑን ፈትሹ

የወጥ ቤት ሲንክ ውሃ አላወርድ ሲል ብዙዎቻችን ወደ ኬሚካል እንሮጣለን። አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ከሲንኩ ስር ያለው ሲፎን፣ ማለትም ቆሻሻው ውሃ የሚያልፍበት ተፈቺ ቱቦ ነው። የረጋ ቅባትና የምግብ ትርፍራፊ እዚያ ይጠራቀማል።

ከስሩ ባልዲ አስቀምጡ፤ ልክ ሲከፈት ውሃው ዱብ ይላል። የፕላስቲክ ሲፎን ከሆነ በእጅ ይፈታል። ውስጡን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና እሹት፣ ግን እዚያው ሲንክ ላይ እንዳታጥቡት! ስትመልሱት ጎሚኒዋ (የጎማ ቀለበቷ) በቦታዋ መቀመጧን እዩ። ከተዛነፈች ያንጠባጥባል። ከዚያ ውሃ ልቀቁና መገጣጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ነካ ነካ አድርጉት። ከረጠበ ትንሽ አጥብቁት።

አደራ፣ ቀድማችሁ ኬሚካል ጨምራችሁ ከሆነ ሲፎኑን አትክፈቱ። ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።